ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፦ በኢፋት ደረሶች አገር የተተከለው ግቢ



የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሚሆንበት ሰሞን በየቤታችን ስልክ ይበዛል። «የት ደረሰህ?»፣ «የት ደረሰሽ?» ይባባላል። መልሱ «ደብረ ብርሃን» ሲሆን ደግሞ ሌሎች ጥያቄዎች ይከተላሉ። እናት መጀመሪያ የምታስበው ብርዱን ነው፤ ከዚያ ቀጥላ ሶላት የት እንደሚሰገድ፣ በረመዳን ሱሑር እንዴት እንደሚሆን ትጠይቃለች። አባት መንገዱ ሰላም መሆኑን ማጣራት ይጀምራል። ልጁ ወይም ልጅቷ ደግሞ በልባቸው ሌላ ነገር ይዘዋል፤ ከቤተሰብ ርቀው በራሳቸው የሚያድሩበት የመጀመሪያው ሌሊት ሊመጣ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች አቅማችን በፈቀደ መጠን መልስ ለመስጠት ሞክረናል። ዩኒቨርሲቲው መቼና ለምን እንደተመሠረተ፣ የግቢ ኑሮው ምን እንደሚመስል፣ ሙስሊም ተማሪ በሕግ ምን መብትና ምን ገደብ እንዳለበት እናያለን። በመጨረሻም ብዙዎቻችን ልብ ያላልነውን አንድ ጉዳይ እናነሳለን፤ ይህ ዩኒቨርሲቲ የቆመበት ምድር በእስልምና የዕውቀት ታሪክ ውስጥ ስሙ ካይሮ ድረስ የተሰማ ምድር መሆኑን።

ከተማዋን ለማያውቁ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ብርዷ የታወቀ ነው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ከቆላ የሚመጣ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳምንት ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚያሳልፈው። የበግ አገር እንደመሆኗ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋም ስሟ ይነሳል።

ከተማዋ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተቆረቆረች ናት። ስሟ በሰማይ ላይ ታየ ከተባለ ብርሃን ጋር ይያያዛል፤ ብዙዎችም ይህን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያገናኙታል። ቤተ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ መጠነኛ ከተማ ሆና ቆይታለች። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነዋሪዋ 65 ሺሕ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቷል፣ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። ዛሬ የሚያዩዋት ከተማ የያኔዋ አይደለችም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በዚያው ቆጠራ መሠረት በሰሜን ሸዋ ዞን የሙስሊሙ ቁጥር ከመቶ አምስት ገደማ ነው። ሙስሊሙ በብዛት የሚኖረው ከደጋው ይልቅ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአልዩ አምባና በአካባቢያቸው ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን የሚመደብ ተማሪ በቁጥር አናሳ ሆኖ ለመኖር መዘጋጀት አለበት። ይህ የሚያስፈራ አይደለም፤ ግን ሳያውቁ ከመሄድ አውቆ መሄድ ይሻላል።

ዩኒቨርሲቲው እንዴት ተመሠረተ?

በአገራችን ለብዙ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ሲባል የሚታሰቡት አዲስ አበባና ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ ብቻ ነበሩ። በ1990ዎቹ ጅማ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጎንደርና አርባ ምንጭ ተጨመሩ። ይህም ሆኖ 12ኛ ክፍልን ከሚጨርሰው ወጣት አብዛኛው በር ላይ ይቀር ነበር። መንግሥት ይህን ለማስፋት በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን ለመክፈት ወሰነ። ሥራ የጀመሩትም በ1999 ዓ.ም ነው። ደብረ ብርሃን ከወሎ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከድሬዳዋ፣ ከጅግጅጋ፣ ከሠመራ፣ ከመደ ወላቡና ከሌሎቹ ጋር በዚህ ዙር የተወለደ ነው። በተለምዶ «ሁለተኛው ትውልድ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

የእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች መከፈት ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ የነበረው ትርጉም ቀላል አይደለም። በቀደመው ዘመን ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከባሌና ከወሎ ገጠር ወጥቶ ከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ የደረሰ ሙስሊም ጥቂት ነበር። ትምህርት ቤቱ ራቅ ያለ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከዚያም ይርቅ ነበር። በ1999 ዓ.ም በሮች ሲበዙ ግን ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ምሩቅ የሚሆን ልጅ በየመንደሩ መታየት ጀመረ። ዛሬ በየሆስፒታሉ፣ በየፍርድ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የምናያቸው ሙስሊም ባለሙያዎች ብዙዎቹ የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው።

ከተማዋም ብትሆን ለትምህርት እንግዳ አልነበረችም። በአርበኛው ስም የሚጠራው የኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤትና የመምህራን ማሠልጠኛው ዩኒቨርሲቲው ከመምጣቱ በፊት ብዙ ትውልድ አስተምረዋል። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ላይ ተጨምሮ ቀስ በቀስ ኮሌጆቹን አበዛ። የጤና ሳይንስ ካምፓሱ በዕውቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል። በሐኪም ግዛው ስም የሚጠራው ማስተማሪያ ሆስፒታሉም ተማሪ ከማሠልጠን አልፎ የአካባቢውን ሕዝብ ያክማል። ግብርና፣ ምሕንድስና፣ ኮምፒውቲንግ፣ ንግድ፣ ሕግ፣ ተፈጥሮና ማኅበራዊ ሳይንስም ይሰጣሉ።

በሩ እየጠበበ የመጣበት ዘመን

ዛሬ ደብረ ብርሃን የሚመደብ ተማሪ የዛሬ 10 ዓመት ከተመደበው የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም መጀመሪያ አንሥቶ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው የሚፈተኑት ሆኗል። በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ከተፈተኑት ወደ 845 ሺሕ ተማሪዎች ያለፉት 27 ሺሕ ገደማ ነበሩ፤ ይህም 3.2 በመቶ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል።

ከማለፊያው ትንሽ ዝቅ ላሉት የተዘጋጀው መንገድ የማካካሻ ትምህርት ወይም በተለምዶ «ሪሚዲያል» የሚባለው ነው። ተማሪው ግቢ ገብቶ ይማራል፤ ፈተናውን ካለፈ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሆናል፤ ካላለፈ ይመለሳል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ነገር አለ። ሪሚዲያል የገባ ልጅ «ዩኒቨርሲቲ ገባ» ተብሎ ድግስ ይደገስለታል፤ ልጁም የገባ መስሎት ይዘናጋል። እውነቱን ለመናገር ሪሚዲያል በር ላይ መቆም ነው። በሩ የሚከፈተው በእነዚያ ጥቂት ወራት ሥራ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወይም «ፍሬሽ» የሆነ ደግሞ በቀጥታ ወደ ዲፓርትመንት አይገባም። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ሁሉም የጋራ ትምህርቶችን ለአንድ ዓመት ይወስዳል፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ የሚያመጣው ውጤት የትኛው ዲፓርትመንት እንደሚደርሰው ይወስናል። ሕክምና ወይም ምሕንድስና የሚመኝ ተማሪ ዕጣው የሚወጣው በዚህ ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪውን አይወስድም። ስለዚህ ግቢ መግባት ብቻውን ዋስትና መሆኑ ቀርቷል።

ዶርም፣ ካፌ፣ ላይብረሪ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያድረው በዶርም ነው። በአንድ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ ከተለያየ ክልል፣ ቋንቋና ሃይማኖት የመጡ ልጆች አብረው ይኖራሉ። ብዙዎቻችን በዚህ ሕይወት አልፈናልና የምናውቀውን እንናገር። ከቤት ሲወጡ ስለ ሌላው የሰሙት ሁሉ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ይፈተሻል። አንዱ ለፈጅር ሲነሳ ሌላው ለማኅሌት ይነሳል፤ ሁለቱም ሌላውን ላለመቀስቀስ በእግር ጣታቸው ይሄዳሉ። የሚጣሉትም በሃይማኖት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በመብራት፣ በቻርጀርና በጽዳት ተራ ነው።

ምግብ በካፌ ይቀርባል። ለረጅም ዓመታት ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው በጀት 15 ብር ነበር፤ በኋላ ወደ 22 ብር አደገ። የኑሮ ውድነቱ ከአቅም በላይ ሲሆን በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። በካፌው የማይመገብ ተማሪ «ነን ካፌ» ይባላል፤ በሚሰጠው ገንዘብ ውጭ ይመገባል። ለሙስሊም ተማሪ ዋናው ጥንቃቄ ሥጋ ነው። ብዙ ግቢዎች ለሙስሊምና ለክርስቲያን ተማሪዎች ሥጋ ለይተው ያዘጋጃሉ። አዲስ ተማሪ በገባበት ቀን ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የሙስሊም ምግብ በየትኛው መስኮት እንደሚቀርብ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ነፃ አይደለም። ተማሪው በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የምግብና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም የተወሰነውን ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ይከፍላል፤ ወይም ደግሞ አስቀድሞ ይከፍላል። ዋናውን የዲግሪ ማስረጃ ለመውሰድ ይህ ዕዳ መጠናቀቅ አለበት። ዕዳ አማና ነውና ወላጆችም ተማሪዎችም ውሉን አንብበው እንዲፈርሙ፣ የየዓመቱንም ቅጂ እንዲያስቀምጡ እንመክራለን። ከዓመታት በኋላ ሲጠፋ የሚያስከትለው መንከራተት ብዙ ነው።

ስለ ብርዱ ደግሞ ጥቂት እንበል። ለደብረ ብርሃን የሚሄድ ተማሪ ከመጽሐፍ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሹራብና ካልሲ ነው። በታኅሣሥ ለፈጅር ዉዱእ ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውኃው ጣት ያደነዝዛል። የቆየ ተማሪ ማታውኑ በጀሪካን ውኃ ቀድቶ ክፍል ውስጥ ያሳድራል፤ ከቧንቧው ይልቅ እሱ ይሻላል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በሚከብድ ጊዜ ዉዱእን አሟልቶ ማድረግ ኃጢአት ከሚያብሱ ሥራዎች መሆኑን ማስተማራቸውን እዚያ የኖረ ሰው ከሌላው ይበልጥ ይረዳዋል።

ሶላት፣ ሒጃብና ሕጉ

አሁን ብዙ ወላጆች ወደሚጨነቁበት ጉዳይ እንምጣ። ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው ሃይማኖቱን በግልም በጋራም የመከተልና የመግለጽ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም፣ በ2011 ዓ.ም የወጣው ቁጥር 1152፣ የመንግሥት ተቋማት ከሃይማኖት ገለልተኛ እንዲሆኑ ይፈልጋል።

ችግሩ የሚነሳው እነዚህ ድንጋጌዎች ግቢ ውስጥ ሲገናኙ ነው። ተማሪው በግቢ ውስጥ ይኖራል፤ ይበላል፤ ይተኛል። ሶላት ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ይመጣል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም በትምህርት ተቋማት የአምልኮ ሥርዓትን የሚመለከት መመሪያ ካወጣ ወዲህ በግቢ ውስጥ የሚደረግ የጋራ አምልኮና ፊትን የሚሸፍን አለባበስ ገደብ ተጥሎባቸዋል። ሒጃብ ግን ተፈቅዷል። መመሪያው በየተቋሙ በተለያየ መንገድ ስለተተረጎመ ባለፉት ዓመታት በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ቅሬታ፣ ክርክርና ከትምህርት መታገድ ጭምር አስከትሏል። አንዱ ግቢ የሚታገሠውን ሌላው ይከለክላል። በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ አንዱ ጥበቃ የሚያሳልፈውን ሌላው ይመልሳል።

ለተማሪው የሚጠቅመው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሲገባ የሚሰጠውን የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ ማንበብ ነው። ብዙ ተማሪ ፈርሞበት አያነበውም፤ ችግር ሲመጣ ግን የሚጠቀሰው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የመማሪያና የፈተና ሰዓት ከጁሙዓ ጋር ሲጋጭ ቀድሞ ከመምህሩ ጋር በአክብሮት መነጋገር ነው። ብዙ መምህራን አስቀድሞ ለተነገራቸው መፍትሔ ይፈልጋሉ፤ በሰዓቱ ጠፍቶ በኋላ ለሚያስረዳ ግን አይራሩም። ሦስተኛ፣ በደል ከደረሰ በቃል ከመከራከር ይልቅ በጽሑፍ ማመልከትና ቅጂውን መያዝ ነው። ቅሬታው በተማሪዎች አገልግሎት ዲን በኩል ይጀምራል፤ እዚያ ካልተፈታ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይደርሳል። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ደግሞ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘ ተቋም ነው። በየደረጃው ያሉት መጅሊሶች የተማሪን ጉዳይ ይዘው ማነጋገር ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም።

ጀመዓው

በየዩኒቨርሲቲው ሙስሊም ተማሪዎች ራሳቸውን በጀመዓ ያደራጃሉ። አዲስ ተማሪ በሚገባበት ቀን አውቶቡስ መናኸሪያ ቆመው ሻንጣ ተሸክመው የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ሬጅስትራር የት እንደሆነ፣ መስጂድ በየት እንደሚኬድ፣ የትኛው መምህር ምን እንደሚፈልግ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ከፈተና በፊት ነባር ተማሪዎች ለፍሬሾች ቱቶሪያል ይሰጣሉ፤ የቆዩ ፈተናዎችና ሃንዳውቶች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ከዐሱር በኋላ ወይም ቅዳሜና እሑድ ደርስ ይኖራል። የሴቶች ጀመዓ ደግሞ ለብቻው ይሠራል፤ ከቤቷ ርቃ ለመጣች ልጅ እኅት የምታገኝበት ቦታ ነው።

ረመዳን ሲመጣ የጀመዓው ሥራ ይበዛል። ካፌው በተለመደው ሰዓት ብቻ ካቀረበ ፆመኛው ለኢፍጣርም ለሱሑርም ይቸገራል። ስለዚህ ተወካዮች ወሩ ከመግባቱ በፊት የፆመኞችን ስም ዝርዝር ይዘው ከካፌ አስተዳደሩ ጋር ይነጋገራሉ። በተለምዶ የፆመኞች ምግብ በሌላ ሰዓት እንዲወጣ ወይም ተማሪው በሳሕን ይዞ እንዲሄድ ይደረጋል። ተምር፣ ሾርባና ሳምቡሳ ከከተማው ሙስሊም በሚሰበሰብ መዋጮ ይሟላል። በእነዚህ ምሽቶች የዶርም ጓደኛ የሆነ ክርስቲያን ልጅ ለሙስሊሙ ወንድሙ የምግብ ሰልፍ ሲይዝለት፣ በሁዳዴ ደግሞ በተራው ሙስሊሙ ሲያደርግለት ማየት የተለመደ ነው። ይህን ዓይነቱን ነገር ዜና አድርጎ የሚያወራው የለም፤ የግቢን ሕይወት ተሸክሞ ያቆየው ግን እሱ ነው።

ለጀመዓ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ምክር አለን። ጀመዓ ከትምህርት የሚያስቀር ከሆነ ዓላማውን ስቷል። በስብሰባ ብዛት ውጤቱ ወድቆ ከግቢ የተባረረ አሚር ለዲኑም ለቤተሰቡም አልጠቀመም። በኺላፍ ጉዳዮች ተከፋፍሎ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰላምታ የማይለዋወጡ ቡድኖች መፍጠርም በአንዳንድ ቦታ የታየ በሽታ ነው። በቁጥር አናሳ በሆንበት ቦታ ይህ ይበልጥ ይጎዳናል።

ከግቢው ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ

አሁን ወደ መጀመሪያ ቃላችን እንመለስ። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጓዙ አንኮበር ይደርሳሉ። ከዚያ አምባ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ምድሩ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ይህ ቁልቁለት የጥንቱ ኢፋት ነው።

በዚህ አካባቢ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ራሱን ከመኽዙሚ ነገድ የሚያያይዝ የሸዋ ሱልጣኔት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት ያዘውና የኢፋት ሱልጣኔት ገነነ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ ሰባት የሙስሊም መንግሥታትን ሲዘረዝር ኢፋትን በመጀመሪያ ያነሳታል፤ ሌላው ስሟም ጀበራ መሆኑን ይጽፋል። «ጀበርቲ» የሚለው መጠሪያ ከዚህ ምድር ስም የወጣ ነው።

ከዚህና ከአጎራባች አገሮች ዕውቀት ፍለጋ የወጡ ደረሶች በካይሮ አል አዝሐር «ሪዋቅ አል ጀበርት» የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። ዛሬ ዶርም እንደምንለው ማለት ነው። ምግባቸው ከወቅፍ ይመጣ ነበር፤ የአገራቸው ልጆችም አዲስ መጤውን ይቀበሉት ነበር። የግብፅን የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ በመጻፍ የሚታወቀው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ ከእነዚሁ ደረሶች ዘር ነው፤ ቤተሰቡም ሪዋቁን በሸይኽነት ይመራ ነበር። በሐነፊ ፊቅህ «ተብዪን አል ሐቃኢቅ»ን የጻፉት ፈኽሩዲን አዝ ዘይለዒና በሐዲስ ጥናት «ነስብ አር ራያህ»ን የጻፉት ጀማሉዲን አዝ ዘይለዒም ከዚሁ የአፍሪካ ቀንድ ዓለም የተገኙ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ዑለማእ ናቸው። መጻሕፍታቸው ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይነበባሉ።

ስለዚህ ከዚህ ምድር ተነሥቶ ስንቅ ቋጥሮ ለትምህርት መሰደድ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ትምህርቱ ወደ ምድሩ መምጣቱ ነው።

ቆላው ዘመናት ቢፈራረቁበትም ሙስሊሙ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ አንኮበር የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞች ከባሕር ዳርቻ ሲወጡ የሚያርፉት በአልዩ አምባ ነበር። የሐረር፣ የአፋርና የታጁራ ነጋዴዎች ጨውና ጨርቅ ይዘው የሚገናኙበት የሙስሊሞች የገበያ ከተማ ነበረች። በአቅራቢያው ባሪያ የሚሸጥበት ገበያም እንደነበር መደበቅ አይገባም፤ ታሪክ ከነጠባሳው ነው። የዚያን ጊዜ የቆላው ጠረፍ ሹም ሙስሊም ነበር፤ «ወላስማ ሙሐመድ» ይባላል። የኢፋት ሱልጣኖች ስም ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በማዕረግነት መቆየቱን ልብ ይበሉ።

በዚህ ቆላ የሚኖሩት አርጎባዎች በሽመናቸው፣ በእርከን እርሻቸው፣ በድንጋይ ቤቶቻቸውና በንግዳቸው ይታወቃሉ። የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ አላቸው፤ ነገር ግን በብዙ መንደሮች አማርኛና ኦሮምኛ ተክተውታል። ቋንቋውን የሚናገሩት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች በዚሁ ተዳፋት ላይ ኖራን የመሰሉ ፍርስራሽ ከተሞችን፣ የመስጂድ ግድግዳዎችንና የወላስማ ቤተሰብ ስም የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮች አጥንተዋል። ጥናቶቹ የታተሙት በአብዛኛው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። የአልዩ አምባ ልጅ የአያቱን ታሪክ ለማንበብ ፈረንሳይኛ መማር ሊኖርበት ነው ማለት ነው።

የቅርቡ ፈተና

ይህን ሁሉ ስንል የቅርቡን ዓመታት መከራ አልረሳንም። በ2013 ዓ.ም አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ወድመዋል፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳርሷል። ደብረ ብርሃን ከወለጋና ከሌሎችም አካባቢዎች የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖችን ለዓመታት አስጠልላለች። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የትምህርት መርሐ ግብር ሲዛባ አይተናል። አራት ዓመት የነበረው ትምህርት ለብዙዎች አምስትና ስድስት ዓመት ሆኗል።

ለወላጆች የምንለው ይህ ነው፦ ልጅ ከመላክ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የጥሪ ማስታወቂያ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ያረጋግጡ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞር ደብዳቤ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ተማሪዎች በቡድን፣ በቀን እንዲጓዙ ያድርጉ። እዚያ ያለውን ጀመዓ ስልክ አስቀድመው ይያዙ።

አማናው

ጽሑፋችንን በአንድ ጥሪ እንቋጭ። በኢፋትና በአርጎባ መንደሮች፣ እንደ ጎዜ ባሉ ነባር መስጂዶችና በየሸይኾቹ ቤት በዐረብኛና በዐጀም የተጻፉ ኪታቦች አሉ። ምስጥ፣ ዝናብና ጦርነት በየዓመቱ ይቀንሷቸዋል። የሚያነቡት ዑለማእም አንድ በአንድ ወደ አኺራ እየሄዱ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የቆመው ከእነዚህ መንደሮች የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በምሕንድስና የሚማሩ ሙስሊም ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ። ርዕስ ሲያጡም ሌላው የጻፈውን ይገለብጣሉ። የታሪክ ተማሪው የአንድን መስጂድ ታሪክ ከአረጋውያን አንደበት ቢመዘግብ፣ የቋንቋ ተማሪዋ ከአንዲት የአርጎባ አሮጊት 500 ቃላት ብትሰበስብ፣ የኮምፒውተር ተማሪው ኪታቦችን በስልክ ካሜራ አንሥቶ በሥርዓት የሚያስቀምጥ ቀላል ማኅደር ቢሠራ ዲግሪውንም ያገኛል፤ የአያቶቹንም አማና ይወጣል። ባለኪታቦቹን ፈቃድ መጠየቅ፣ ኪታቡን ከቦታው አለማንቀሳቀስ፣ ቅጂውን ለባለቤቶቹ መመለስ ግን ግዴታ ነው። ብዙ ኪታብ «ላጥናው» ተብሎ ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቷልና።

ከኢፋት ወጥተው ካይሮ የደረሱት ደረሶች በእግርና በግመል ለወራት ተጉዘው፣ ዘመዶቻቸውን ዳግም ላያዩ ተሰናብተው ነው የሄዱት። የዛሬው ተማሪ ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና ተጉዞ ግቢ ይገባል። ስለዚህ «ደብረ ብርሃን ደረሰኝ» ብሎ የሚያዝን ልጅ ካለ ይህን ይንገሩት፤ ጋቢውንም አይርሱ።

አላህ ለሁሉም ተማሪዎቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥ። አሚን።